ዕጢን ማስጾም

በአገራችን ሰው ታመመ ሲባል መጀመሪያ የሚሻለው ጠያቂው ነው። ብርቱካኑንና ምክሩን አስቀምጦ ቀለል ብሎት ይወጣል። ብርቱካኑ ይበላል፤ ምክሩ ግን አልጋ ሥር እየተከማቸ ይቆያል። እኔ ራሴ ማንም ሳይጠይቀኝ ለስንቱ ጉንፋን መድኃኒት አዝዣለሁ። እናንተም አዛችኋል። አትካዱ።

ለካንሰር ግን ማንም ደፍሮ ምክር የሚሰጥ አይመስለኝም ነበር። ዘመዶቼን ረስቼ ነው።

አጎቴ ጋሼ ተፈራ ኢፋት ውስጥ ጀውሃ ላይ፣ ከአስፋልቱ ዳር ምግብ ቤት አላቸው። ወደ ደሴ የሚያልፈውም ወደ አዲስ አበባ የሚመለሰውም የጭነት መኪና ሹፌር እሳቸው ቤት ሳይበላ አይሄድም፤ ሌሊት መንገዱ ስለሚዘጋ ሁሉም የሚያልፈው በቀን ነው። ዕድሜ ልካቸውን ሰው ሲያበሉ ኖረው የራሳቸው አንጀት ላይ ዕጢ ተገኘ። አዲስ አበባ ያየቻቸው ሐኪም ገና ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል አልተሰራጨም፣ በቀዶ ሕክምና ይወጣል ብላ ቀጠሮ ሰጠቻቸው። እስከዚያው በደንብ ይብሉ፣ ከዚህ በላይ ከከሱ ግን ቢላ አላነሳም አለች።

ቀጠሮው ሲቃረብ ላመጣቸው ወረድኩ። ያገኘሁት ሸሚዛቸውን ነው። ሰውየው ከውስጡ ወጥተው ሄደዋል።

ባለቤታቸው እትዬ አስካለ ወደ ጓሮ ወስደው ነገሩን ነገሩኝ። አንድ ጎረቤት ስልኩን ይዞ ሊጠይቅ መጣ። ስልኩ ውስጥ ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰው ካንሰር የሚያድገው ስኳር እየበላ ነው ይላል። ስኳር ቀረ። እንጀራም ሆድ ሲገባ ስኳር ይሆናል ተባለ፤ እንጀራ ቀረ። ማንጎ ቀረ። ከዚያ በኋላ ያለውን እኛ ማንም ሳያስተምረን እናውቅበታለን። ማስራብ ከሆነ ልምዱ አለን። ክርስትና ላልተነሳ ዕጢ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾም ተያዘለት። ከዘጠኝ በኋላ አንድ ጭልፋ ማሾ የሚሉት ጥራጥሬ ቅቅል። ሙስሊም ጎረቤቶቻቸው ደግሞ ሐሳቡን ወደዱትና እስከ ምሽቱ መግሪብ ሶላት ቢገፋ አይከፋም አሉ። ኢፋት ውስጥ ሁሉም በአንድ ቃል የተስማማበት ጾም ይኼ ሳይሆን አይቀርም።

«እሱን እቀጣለሁ ብለው ራሳቸውን ጨረሱ» አሉኝ እትዬ አስካለ። «ሐኪሟ እንዲህ ሆነው ብታያቸው ትመልሳቸዋለች።»

አሁን ትንሽ ልፈላሰፍባችሁ ነው፤ አጭር ነው። ሴል ውስጥ ምግቡን የሚሰባብሩና መልሰው የሚገነቡ ኢንዛይሞች አሉ። የወጥ ቤት ሠራተኞች በሏቸው። የካንሰር ሴል ስኳር መውደዱ እውነት ነው። ስልኩ ያልተናገረው፣ ስኳር ሲያጣ በሌሎች ኢንዛይሞች ስቡንም ፕሮቲኑንም እንደሚበላ ነው። የባሰም አለ። ተመራማሪዎች እንደሚሉት አንዳንዱ ኢንዛይም ሥራውን ሲያላላ፣ ሴሉ ማደጉን ቀነስ ያደርግና መንገደኛ ይሆናል። ተነሥቶ በደም ሥር ይጓዝና ሌላ ቦታ ቤት ይከራያል። ካንሰር ተሰራጨ የሚባለው ያኔ ነው።

ይህንን ሁሉ ለጋሼ ተፈራ አስረዳሁ። ጋዜጣ ላይ የምትጽፈውን እዚያው ጻፈው አሉኝ።

ደጃፉ ላይ አብረን ተቀምጠን ነበር። አንድ ሹፌር መኪናውን አቁሞ ገባና ጥብስ አዘዘ። እሳቸው ከደከሙ ወዲህ ወጥ ቤቱም ላላ ብሏል፤ የለም ተባለ። ሹፌሩ አልተቆጣም። አስፋልቱን ተሻግሮ ፊት ለፊት ካለው ምግብ ቤት ገባ። ጋሼ ተፈራ ጀርባውን ሚስቱ እንደከዳችው ሰው እያዩ ሸኙት።

«ጋሼ፣ ያ ሰውዬ በረሃብ የሚሞት ይመስልዎታል?» አልኳቸው።

«ለምን ይሞታል? እነዚያ ዘንድ ይበላ የለ እንዴ።»

ዓይኔን ከአስፋልቱ ወደ ሆዳቸው አዞርኩ። ከዚያ እጃቸው ቀስ ብሎ ሆዳቸው ላይ አረፈ።

«ይኼኛውም ይሻገራል ነው የምትለኝ?»

«ሊሻገር ይችላል።»

«ወዴት?»

«ጉበትን ይወዳል ይላሉ።»

ወደ ውስጥ ዞረው እትዬ አስካለን ተጣሩ። እንጀራ፣ ወጥ፣ ያለውን ሁሉ አቅርቡልኝ አሉ። ዘጠኝ ሰዓት ገና ነበር።

እውነቱን ለእናንተ ብቻ ልንገራችሁ። ሰውየው ሲጠግብ ዕጢው ቤቱ ይቀመጣል ያለ ተመራማሪ አላውቅም። ኢንዛይም የሚታዘዘው ለሴሉ እንጂ ለሰው ትሪ አይደለም። እኔ የፈለግሁት አጎቴ ሥጋ እንዲለብሱ ነበር፤ ለዚያ ደግሞ ጠማማ ምሳሌም ይበቃል። ቀጠሮው እስኪደርስ ሲበሉ ሰነበቱና አዲስ አበባ ይዣቸው ገባሁ። ሐኪሟ ሚዛን ላይ አውጥታ አየቻቸውና ደህና ነው፣ ይተኙ አለች።

ሆስፒታል ተኝተውም ዝም አላሉም። በዚህም በዚያም ለተኛው በሽተኛ ሁሉ፣ በሽታችሁን አታስርቡት፣ ከተራበ ይሰደዳል እያሉ ይመክራሉ። አንዱ እንዲያውም ሁለት ጊዜ ምሳ መብላት ጀምሯል። እኔ ግድግዳ ግድግዳውን አያለሁ።

ለቀዶ ሕክምናው አንድ ቀን ሲቀረው፣ ከሰዓት በኋላ ነርሷ መጣች። ከምሽት ጀምሮ ምግብም ውኃም እንዳይቀምሱ፣ በባዶ ሆድ መግባት ግድ መሆኑን ነግራቸው ሄደች።

ጋሼ ተፈራ ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩ። በአጠገባቸው የተኙት በሽተኞችም ዓይን ተከተላቸው። እኔ ጣሪያውን አየሁ። ጣሪያው ላይ አምፖል ብቻ ነበር።

ጋሼ ትራሳቸውን አስተካክለው ጋደም አሉ።

«ግድ የለም» አሉ። «በሌሊት መንገዱ ዝግ ነው። የትም አይሄድም።»