ቡድናችንን በየዓመቱ የሚያወርዱት ኦቦ ምልኬሳ

ስታዲየም ያለው ከተማ ሁሉ፣ ቡድኑ ሳይወርድ የሚያወርደው አንድ ሰው አያጣም። ጎል ስናገባ «ምነው ቸኮልን፣ አሁን ያነቃቸዋል» የሚል፣ ዳኛው የመጀመሪያውን ፊሽካ ሳይነፋ ሐዘን የሚቀመጥ ሰው ነው። አዳማንም በዚህ ረገድ ፈጣሪ አልነፈጋትም። ክቡር ኦቦ ምልኬሳን ሰጥቷታል።

ኦቦ ምልኬሳ ከአዳማ ሻሸመኔ ለሠላሳ አንድ ዓመት አውቶቡስ ያሽከረከሩ ጡረተኛ ናቸው። በዚያ ሁሉ ዘመን አንዲት ዶሮ እንኳ አልገጩም። ሚስጥሩን ሲጠየቁ «እያንዳንዱ ኩርባ ላይ እንደምንገለበጥ እርግጠኛ ነበርኩ» ይላሉ። ይህንኑ እርግጠኝነታቸውን ይዘው ነው ወደ ኳስ ሜዳ የመጡት። እኔ ከጎናቸው ተቀምጬ የስምጥ ሸለቆ ስፖርት ክለብን ጨዋታ ሳይ ስምንት ዓመቴ ነው። በእሳቸው አቆጣጠር ስምንቴ ወርደናል። ክለቡ ግን አንድም ጊዜ አልወረደም።

«አለቅን» የምትል ቃል አለቻቸው። ተጫዋቾቹ ወደ ሜዳ ሲገቡ ይሏታል፤ ተቀይረው ሲወጡም ይሏታል። አንድ ጊዜ አራት ለዜሮ እየመራን ዞር ብዬ ባያቸው፣ አንገታቸውን ወደ ሰማይ አቅንተው ደመና ይቆጥራሉ።

«ዝናቡ ከጣለ ጨዋታው ይቋረጣል» አሉኝ። «አራቱንም ጎል ውኃ በላው። አለቅን።»

ባለቤታቸው አዴ ጋዲሴ አይገረሙም። «ሽማግሌ ልኮ እሺ ከተባለ በኋላም አይሰጡኝም ይል ነበር» ብለውኛል። «ይኸው አራት ልጅ ወለድን። አሁንም ያመነ አይመስለኝም።»

ዘንድሮ ግን ነገሩ የምር ሆነ። የዓመቱ ውድድር ሊያልቅ ሦስት ጨዋታ ሲቀረው፣ ከወራጆቹ የምንበልጠው በአንዲት ነጥብ ብቻ ነበር።

የመጀመሪያውን እዚሁ አዳማ ተጫውተን ሁለት ለአንድ አሸነፍን። የከተማው ባጃጅ ሁሉ ጥሩንባውን እየነፋ ዞረ። ኦቦ ምልኬሳ ብቻ ከዘራቸውን ተደግፈው፣ «መጥፎ ድል ነው፤ ልጆቹ ሰው የሆኑ ይመስላቸዋል» አሉ።

ለሁለተኛው ቢሾፍቱ ሄድን። እስከ ሰማንያ ስምንተኛው ደቂቃ ዜሮ ለዜሮ ነበርን። ከዚያ አንዲት የሞተች ኳስ እየተንከባለለች ወደ በረኛችን ወደ ኢፋ መጣች። ኢፋ የወለንጪቲ ልጅ ነው፤ ሃያ አራት ዓመቱ ነው፤ ዓመቱን ሙሉ ደግፎ ያቆመን እሱ ነበር። ሊያነሳት ጎንበስ ሲል በእግሮቹ መሃል ሾለከች። አንድ ለዜሮ ተሸነፍን።

ደጋፊያችን ያልሰደበው የኢፋ የዘር ሐረግ አልቀረም። እኔ ከጎኔ «አለቅን» እስክትመጣ ጠበቅሁ። አልመጣችም። ኦቦ ምልኬሳ፣ ፊቱን ወደ መረቡ አዙሮ የቀረውን በረኛ ትክ ብለው ያያሉ።

«ይህን ልጅ ማነው ቤቱ የሚያደርሰው?» ሲሉ ጠየቁኝ።

በዚያ ሳምንት በየፌስቡኩ የኢፋ እግሮች የከተማ መግቢያ በር ሆነው ተሳሉ። ሐሙስ ልምምድ ቀረ። ስልኩ ዝግ ነው። ኳስ በቃኝ ብሎ ወለንጪቲ አባቱ ጋ ገብቷል ተባለ። አሰልጣኙ ሁለት ጊዜ ሰው ላከ፤ እምቢ አለ። ተጠባባቂው በረኛ ደግሞ ጣቱ ተሰብሮ በጄሶ ታስሯል። ቅዳሜ የመጨረሻው ጨዋታችን ነው፤ አቻ ከወጣን እንተርፋለን፣ ከተሸነፍን እንወርዳለን።

ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ስታዲየም ስደርስ የኦቦ ምልኬሳ ቦታ ባዶ ነው። በስምንት ዓመት ዘግይተው አያውቁም። ደነገጥኩና ደወልኩ። ያነሱት አዴ ጋዲሴ ናቸው።

«ስልኩን ጥሎ ነው የወጣው። ከንጋት ጀምሮ የለም» አሉኝ።

ገና ስልኩን ሳልዘጋ ተጫዋቾቹ ለማሟሟቅ ወጡ። ከፊት ያለው ኢፋ ነው። ከወዲያ ማዶ አንድ ሰው ማጨብጨብ ጀመረ፤ ሌላውም ተከተለ። ጭብጨባው ሳይበርድ ኦቦ ምልኬሳ ጫማቸው በጭቃ ተለውሶ ከች አሉ።

«የት ጠፍተው ነው?»

«ዘመድ ጥየቃ።»

«ዛሬ?»

«ዘመድ ቀን አይመርጥም» ብለው ተቀመጡ።

ቀድመው አገቡብን። በሰባኛው ደቂቃ እኛም አገባን፤ አንድ ለአንድ። ሰዓቱ ሊያልቅ አንድ ደቂቃ ሲቀረው ዳኛው እጁን ወደ ፍጹም ቅጣት ምት ነጥቡ ዘረጋ። በእኛ ላይ ነው። ሰው ፊቱን ሸፈነ። ኦቦ ምልኬሳ ግን ብድግ ብለው ቆሙ። «ኢልማ ኮ» ሲሉ ሰማኋቸው፣ ልጄ፣ በጣም ቀስ ብለው። ኢፋ ወደ ቀኝ ተወረወረና ኳሷን በሁለት እጁ ገፍቶ አወጣት።

ከዚያ በኋላ ማን ማንን እንዳቀፈ አላውቅም። የማላውቃቸው ሦስት ሰዎች ሳሙኝ። ከጭፈራው መሃል ኢፋ አጥሩን ዘልሎ በቀጥታ ወደ እኛ መጣ። እንዴት ተመለስክ ብዬ ጠየቅሁት።

«ጠዋት የአባቴን ሽንኩርት ውኃ ሳጠጣ እኚህ ሰው መጥተው ቆሙ» አለኝ። «ሌላው ሁሉ እናሸንፋለን፣ አንተ ታድነናለህ ነው የሚለኝ፤ ያስፈራኝ እሱ ነበር። እሳቸው ግን ‹ብትመጣም ባትመጣም መውረዳችን አይቀርም፤ ስለዚህ የምታበላሸው ነገር የለም፤ ና ተጫወት› አሉኝ። በሳምንቱ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ያኔ ሳቅሁ። ከዚያ ጫማቸውን ሳያወልቁ መስኖው ውስጥ ገብተው የቀረውን አብረን አጠጣን።»

ኦቦ ምልኬሳ እንደተያዘ ሌባ ዓይናቸውን መለሱ። «አልዋሸሁትም» አሉኝ። «የመሰለኝን ነው የነገርኩት።»

ስምንት ዓመት ሙሉ ተስፋ አይሰጡም ብዬ ሳማቸው የኖርኩት እኔ ነበርኩ። እኛ ተስፋችንን በልጁ ትከሻ ላይ ስንቆልል፣ ሸክሙን ያወረዱለት እሳቸው ናቸው።

ኢፋ ጓንቱን አውልቆ በእጃቸው ላይ አጠለቀላቸው። «ይሰፋኛል» አሉ፤ ግን አላወለቁትም። በጥሩንባው መሃል በእግር ሸኘኋቸው፤ መንገደኛው ሁሉ ያንን ጓንት እየጨበጠ ያልፋል። ግቢያቸው በር ስንደርስ ቆሙ። ቁልፉ ኪሳቸው ውስጥ ነው።

«ጓንቱን ያውልቁታ» አልኳቸው።

እንዳልሰሙ ሆኑ። በሩን በጓንቱ ደበደቡና ወደ ውስጥ ተጣሩ።

«ጋዲሴ፣ እባክሽ ክፈቺልኝ። እጄ ተይዟል።»