የካዛንቺሱ አፓርታማ ሽማግሌ ላከብኝ

ትናንት እሑድ፣ ሽሮዬን በልቼ ጋደም እንዳልኩ ያየሁትን ሕልም ለሰው ካልተናገርኩ ሆዴ አይችልም።

ደላላ ነኝ። ካዛንቺስ መሃል፣ ባንኮቹና ቢሮዎቹ በተደረደሩበት፣ ዘጠነኛ ፎቅ ላይ ያለ፣ ከወለሉ እስከ ጣሪያው የታደሰ ባለ ሦስት መኝታ አፓርታማ ለሽያጭ ይዣለሁ። ለሃያ ሰባት ሰው አሳይቼዋለሁ። ደንበኛው ከወጣ በኋላ ትንሽ እቆያለሁ፤ ሳሎኑ ውስጥ ወዲህ ወዲያ እላለሁ። እኔ የምኖረው እትዬ ወይንእሸት ግቢ፣ ሰርቪስ ክፍል ውስጥ ነው። በአራት ዓመት ስድስተኛ ቤቴ ነው። «ልቀቅ» የሚባል ቃል ስሰማ ሻንጣዬን ማየት እጀምራለሁ።

በሕልሜ ካዛንቺስ ሄድኩ። ቤቶቹ አስፋልት ላይ ወጥተው ሰው ያማርጣሉ። እኛ ሰዎች ተሰልፈን እንታያለን። ደረቴ ላይ ወረቀት ተለጥፏል፦ «ሙሉ በሙሉ የታደሰ ሰው። ባለ ሁለት ኩላሊት። ለታክሲ ቅርብ።» ደላላዬ ነጭ ፍየል ነበረች፤ በሁለት ስልክ ታወራለች።

አንድ ቪላ መጣና አፌን ከፍቶ አየ።

«ውሃ አያስቸግርም?»

«ኧረ በፍጹም! ሲስቅ ብቻ ከዓይኑ ትንሽ ያፈስሳል።»

«ጉልበቱ ይንቋቋል።»

«እሱ ምን ችግር አለው ጌታዬ፣ ቅባት ቢጤ ነው የሚፈልገው!»

አነጋገሯ ቁርጥ የኔ ነው። አፈርኩ።

ወዲያው የኔው አፓርታማ መጣ። ከላይ እስከ ታች አየኝ፤ መስኮቶቹን አርገበገበና ሄደ።

«ወዶሃል! ሽማግሌ ሊልክ ነው!» አለችኝ ፍየሏ። ከዚያ ስልኮቿን በላቻቸው።

ዞር ስል ክፍሌ ውስጥ ነኝ። ሦስት ሽማግሌዎች በር ላይ ቆመዋል፦ ሊፍቱ፣ የመታጠቢያ ገንዳውና ፍሪጁ። ጋቢ ደርበዋል፤ ፍሪጁማ ከዘራም ይዘዋል። እትዬ ወይንእሸት በእናቴ ቦታ ተቀምጠዋል። እኔ መጋረጃ ጀርባ እንደ ሙሽራ አንገቴን ደፍቻለሁ።

«ኖር! ተቀመጡ እንጂ» አሉ እትዬ።

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ ጋሽ ሊፍት። «ልጃችን ዘጠነኛ ፎቅ ነው። ጨዋ ነው፤ መብራት ቢጠፋ ጄኔሬተር አለው። ልጃችሁን አይቶ ወድዷል። ገብቶ ይኑርብኝ፣ ዕድሜ ልኩን ማንም ውጣ አይለውም ብሏል።»

ዕድሜ ልኬን! እንባዬ መጣ።

እትዬ ግን አገጫቸውን ያዙ። «ታድሷል ነው ያላችሁኝ?»

«አዎ እሜቴ።»

«ታድሷል ማለት አንድ ነገር ነበረበት ማለት ነው። ዘሩ ይጠና።»

ገንዳው አፍረው ትንሽ ውሃ አፈሰሱ።

«እትዬ፣ በሞቴ እሺ ይበሏቸው!» አልኩ በሹክሹክታ።

«ዝም በል! ቶሎ እሺ ያለ ይናቃል። እኔ የልጄን ጠያቂዎች ሦስት ጊዜ ነው ያመላለስኳቸው!» ይሄስ እውነት ነው፤ አምና ሰፈሩ ሁሉ አይቷል። «በሁለት ሳምንት ተመለሱ» አሏቸው።

የጋሽ ሊፍት በር መዘጋት ጀመረ። «ይቅርታ እሜቴ፣ የኛ ልጅ ቀጠሮ አይችልም። ሃያ ስምንተኛ ሰው እያየ ነው።»

መጋረጃውን ቀድጄ ሮጥኩ። «እሺ ብያለሁ! እሺ!» እያልኩ ስጮህ ነቃሁ።

በሩ ይንኳኳል።

ከፈትኩ። የእድራችን ዳኛ ጋሽ ልሳነወርቅ፣ ከሁለት ነጠላ ከለበሱ አዛውንቶች ጋር ቆመዋል። ሕልሜ ሊፈታ ነው ብዬ ልቤ ዘለለ። እትዬ ወይንእሸት ራቅ ብለው ቧንቧው ጋ የታጠበ ሳህን ደግመው ያጥባሉ።

«ኖር! ቁጭ በሉ» አልኩ።

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ ጋሽ ልሳነወርቅ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ልጄ፣ ወይንእሸት ይህችን ክፍል ልታድሳት ነው። ፊት ለፊት መንገር ከብዷት እኛን ላከች። እባክህ አታሳፍረን፤ እሺ ብለህ ልቀቅላት።»

ሰባተኛ ቤት! በሩን ያዝኩ። ምን እላለሁ፣ በሽማግሌ ፊት እንቢ አይባል። ከዚያ ድንገት ሕልሜ ትዝ አለኝ፤ አንገቴን ደፋሁ።

«አባቶቼ፣ ደጄን መርገጣችሁ ክብሬ ነው። ግን ሽማግሌ በመጀመሪያው ቀን መልስ ይዞ ሄዶ ያውቃል? ዘመድ ላማክር። በሁለት ሳምንት ተመለሱ።»

ሳህኑ ከእትዬ እጅ አመለጠ።

ጋሽ ልሳነወርቅ ነጠላቸው ከትከሻቸው እስኪወርድ ሳቁ፤ ወደ ቧንቧውም ዞሩ።

«ወይንእሸት! አምና ለልጅሽ ስንመጣ ስንት ጊዜ ነበር ያመላለስሽን?»