ካናዳ በእድራችን ፊት

«ያላዩት አገር አይናፍቅም» ያለው ሰው የአዳማን ሰው አያውቀውም። እኛ የምንናፍቀውም፣ የምናማውም፣ የቤት ኪራዩን አስልተን የምናዝንለትም ያላየነውን አገር ነው። ባጃጅ ውስጥ ገብታችሁ ገና ሳትደላደሉ ሾፌሩ ጀርመን ከስዊድን በምን እንደምትሻል ይነግራችኋል፤ ሰውየው ቡልቡላ ተወልዶ አዳማ የገባ ነው፣ ሌላ የረገጠው አገር የለም። እየሳቅሁበት እንዳይመስላችሁ። እኔ ራሴ ሠላሳ ዓመት ጂኦግራፊ ሳስተምር ከሻሸመኔ አላለፍኩም፤ የዓለምን ወንዞች በቃሌ እወጣቸዋለሁ፣ እግሬን የነከርኩት ግን አዋሽ ውስጥ ብቻ ነው።

በዚህ ዕውቀቴ ነው እንግዲህ እድራችን ካናዳን ለፍርድ ባቆማት ጊዜ ጠበቃዋ የሆንኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። እትዬ ጽጌ የሚባሉ ባላቸው የሞቱባቸው ጎረቤት አሉን። አንዲት ልጃቸው ካናዳ ነርስ ናት። እናቷን ለመውሰድ ወረቀቱን ሁሉ ጨርሳ፣ «እማዬ፣ መምጣት አለመምጣትሽን እስከ እሑድ ቁርጡን ንገሪኝ» አለቻቸው። እትዬ ጽጌ እህል አልወርድ አላቸው። ልጅ አለች፣ ቤት አለ፤ ከሁለቱ አንዱን መተው የግድ ነው። ቢጨንቃቸው ነገሩን ለእድር አቀረቡት።

እድር ሰው ለመቅበር የተቋቋመ ማኅበር ነው፤ ሰው በሕይወት ሳለ የት ይኑር የሚል አንቀጽ በደንባችን የለም። ሊቀመንበሩ ኦቦ ቶሎሳ ግን አርሲ ነገሌ የእህል ገበያ ውስጥ ያደጉ ሰው ናቸውና ሚዛን ላይ የማይወጣ ነገር ያለ አይመስላቸውም። «የኑሮ ደረጃ ንጽጽር፣ ካናዳና ሰፈራችን» ብለው አጀንዳ አስያዙ። ባለ ሱቁ ሐጂ ከድር «ተከሳሽ በሌለችበት አይፈረድም» ሲሉ፣ ጠበቃ ይቁምላት ተባለና ሁሉም ወደ እኔ ዞረ።

አንድ ነገር በጆሯችሁ ልንገራችሁ። የእድሩ ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበሮቹና ጉልቻ የሚያስጨንቁት ድስቶች በሙሉ የሚቀመጡት እትዬ ጽጌ ግቢ ባለችው ክፍል ውስጥ ነው። ቁልፉም ከማተባቸው ጋር አንገታቸው ላይ ነው። ይህ በቃለ ጉባኤው አልሰፈረም፤ ግን ሁላችንም እናውቀው ነበር።

«ካናዳ ስንዴ በመርከብ ለዓለም ትልካለች» ብዬ ጀመርኩ።

ኦቦ ቶሎሳ ፈገግ አሉ። «የነገሌን ስንዴ ቀምሰሃል፣ ቲቸር?»

ቀምሻለሁ። ወደ ሙቅ ውሃው አለፍኩ። ቧንቧ ሲከፈት ሙቅ ውሃ ይወርዳል ስል ከዳር እስከ ዳር ሳቁብኝ። አዳማን ለማታውቁ፣ እዚህ በቀትር ጣሪያ ላይ ያለው ሮቶ ውሃውን በነጻ ያሞቅልናል፤ እኛን የቸገረን ቀዝቃዛው ነው። በመጨረሻ የማትረታ ያልኳትን ክርክር አወጣሁ፤ ካናዳ መብራት አይጠፋም አልኩ።

ሐጂ ከድር ጺማቸውን ዳሰስ አደረጉ። «መብራት ካልጠፋ ታዲያ ጎረቤት ምን ብሎ ያንኳኳል?»

እስቲ አስቡት። እኛ ሰፈር መብራት ሲጠፋ ሰው ሁሉ ከቤቱ ወጥቶ «የእናንተም ጠፋ?» ይላል፣ መጥፋቱን በዓይኑ እያየ። እኔና ሐጂ የተዋወቅነው በዚህች ጥያቄ ነው።

ከዚያ በኋላ ካናዳን የሚያድናት አልተገኘም። በረዶው ተነሣ። የታመመ ለመጠየቅ ቀጠሮ መያዙ ተነሣ። አንድ ግድግዳ የሚጋሩ ሰዎች ስም ለስም አለመተዋወቃቸው ሲነሣማ ኦርቶዶክሱም ሙስሊሙም ጴንጤውም በአንድ ላይ አማተበ ብላችሁ ያው ነው። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» ብለው ኦቦ ቶሎሳ ክርክሩን ዘጉት። ድምፅ ሲሰጥ ለካናዳ የተነሣች እጅ የእኔዋ ብቻ ነበረች፤ እሷንም ለወጉ ያህል አነሣኋት እንጂ እውነቱን ለመናገር ሐጂ አሳምነውኝ ነበር።

እትዬ ጽጌን የጠየቃቸው ሰው አለመኖሩ ትዝ ያለን ያኔ ነው። ቀስ ብለው ተነሡ።

«ስመጣ እዚሁ ልቀር አስቤ ነበር» አሉ። «ቲቸር ሲናገር ደግሞ ልቤ አረፈ። እህሉም፣ ሙቅ ውሃውም፣ መብራቱም ከሞላላት እኔ ምን ላደርግላት እሄዳለሁ አልኩ። እናንተ ግን በሯን የሚያንኳኳ ሰው እንደሌለ ነገራችሁኝ። ሰባት ዓመት እዚያ ስትኖር ይህን አንድ ቀን አልነገረችኝም።»

ቁልፉን ከአንገታቸው አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። «ይህን ያህል ክፉ አገር ከሆነ ልጄን ብቻዋን አልተዋትም። እሄዳለሁ።»

«ድንኳኑስ?» አሉ ኦቦ ቶሎሳ። ሳያስቡት አምልጧቸው ነው፤ ወዲያው አፍረው ወረቀታቸውን ማገላበጥ ጀመሩ። እኔ እትዬ ጽጌን ማየት አቅቶኝ መሬት መሬት አየሁ።

ድንኳኑ አሁን እኔ ግቢ ነው፤ ባለቤቴ ስለ ድስቶቹ የምትለውን እዚህ አልጽፈውም። ባለፈው ሳምንት እትዬ ጽጌ ደወሉልኝ። ለካስ እዚያም መብራት ይጠፋል፤ በረዶው ሽቦ በጥሶ ጠፋ። እሳቸው ምን ያድርጉ፣ እንደለመዱት ወጥተው የጎረቤቱን በር አንኳኩና ወደ ጣሪያው እያመለከቱ በአማርኛ «የእናንተም ጠፋ?» አሉ። የወጣችው ፈረንጅ አሮጊት ምን እንደተባለች ባይገባትም እጃቸውን ይዛ አስገባቻቸው። ልጃቸው ከሥራ ስትመለስ እናቷን ያገኘቻቸው ሰባት ዓመት ሙሉ ስሟን በማታውቃት ሴት ሶፋ ላይ፣ አንድ ብርድ ልብስ ለሁለት ተጋርተው ነው።

«የእድሩን ደንብ ላክልኝማ» አሉኝ። «እዚህም ሳያስፈልግ አይቀርም።»

ጥያቄውን ለኦቦ ቶሎሳ አደረስኩ። መነጽራቸውን አውልቀው ጠራረጉት፤ ደስ እንዳላቸው ከፊታቸው ያስታውቃል። ከዚያ መነጽሩን መልሰው አደረጉና፣ «ጥሩ፣ እንልካለን» አሉ። «ግን ቆይ፣ ድስቶቹን ማን ጋ ሊያስቀምጡ ነው?»