የጋራው ሰነድ

የገጠር ውኃ ጽሕፈት ቤትና የገጠር መንገድ ጽሕፈት ቤት በአንድ ደብዳቤ አንድ ሆኑ። ደብዳቤው ወንበሩንም ጠረጴዛውንም አጋባ፤ ኮምፒውተሮቹን ማግባባት ግን አልቻለም። ውኃዎች የሚጽፉት ፈቃዱ በየዓመቱ በሚታደስ ፕሮግራም ነበር። መንገዶች ደግሞ ክፍያ በማይጠየቅበት በነጻው ፕሮግራም ይጽፋሉ፤ «ማንም አያዘንም» እያሉም ይኮሩበታል።

የውኃውን ሪፖርት የምታዘጋጀው የውብዳር ነበረች። የመንገዱን የሚያዘጋጀው ባሏ ማስረሻ። ባልና ሚስት መሆናቸውን ሁሉም ያውቃል። የውብዳር ልጇን ይዛ እህቷ ቤት መግባቷን፣ የፍቺ ማመልከቻዋም ፍርድ ቤት ተቀምጦ ቀጠሮ እንደሚጠብቅ ግን ከሁለቱ በቀር ማንም አያውቅም። ከቤት ከወጣች ወዲህ ሁለቱ በቢሮ አንቱ መባባል ጀምረዋል። ባልደረቦቻቸው ይህን እያዩ «ትዳር እንዲህ ነው» ይሉ ነበር።

ያጣላቸው ነገር ለሰው ሲነገር ትንሽ ነው። ማስረሻ ልጃቸውን፣ እናቷን ሳያማክር፣ ከነበረችበት ትምህርት ቤት አውጥቶ ሌላ አስገባት። «የተሻለ ነው ብዬ ነው» አለ። ከዚያ በፊትም መጋረጃውን፣ የቤት ሠራተኛዋን፣ አንድ ጊዜማ የውብዳር የጻፈችውን የሥራ ማመልከቻ ሳይቀር የተሻለ ነው ብሎ ለውጦ ያውቃል። የውብዳር ያን ቀን አልጮኸችም። ሻንጣዋን ከቁም ሳጥኑ ላይ አወረደች።

አሁን የበላይ መሥሪያ ቤት አንድ የጋራ ሪፖርት ጠየቀ። የውብዳር ድርሻዋን ላከች፤ ማስረሻ ጋ ሲከፈት ሰንጠረዡ ተበትኖ፣ ርእሱ ከገጹ ወርዶ፣ ፊደሉ ሳጥን ሳጥን ሆኖ ታየ። ኃላፊው አቶ እሸቴ፣ ዕድሜያቸውን ፊደል ሲያስቆጥሩ የኖሩ የቀድሞ መምህር፣ «ቁጭ ብላችሁ አወዳድሩና ከሁለቱ አንዱን እንያዝ» ብለው አዘዙ።

ከሰዓት በኋላ አንድ ስክሪን ፊት ተቀመጡ።

«የላክሁልዎ እንዲህ አልነበረም» አለች።

«እኔ ጋ ሲደርስ እንዲህ ሆነ።»

«እርስዎ ጋ ሲደርስ ነው እኮ የምለው።»

ማስረሻ መነጽሩን ጠረገ። «የእርስዎ ፊደል እዚህ የለም። ፕሮግራሙ የማያውቀውን በሚያውቀው ይተካዋል።»

«ሳይጠይቅ?»

«ሳይጠይቅ። የተሻለ መስሎት ነው።»

«አንተስ ሲተካ ዝም ብለህ ታያለህ?»

አንቱታው መሀል ላይ ወደቀ፤ ያነሣውም የለም።

ማስረሻ ፋይሉን ሊዘጋ ሲል አንዲት ትንሽ መልእክት ብቅ አለች። ጎንበስ ብሎ አነበባት። «ለካስ ይጠይቃል» አለ። «በመጣበት መልክ ላስቀምጠው ወይስ በራሴ? ነው የሚለው። እኔ ሳላነብ ነበር የምጫነው።»

«የቱን?»

«ሁልጊዜ በራሴ የሚለውን።»

የውብዳር ልትስቅ ነበር። ግን ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

በማግስቱ ስብሰባ ተጠራ። መንገዶች በአንድ ወገን ተደርድረው ተቀመጡ፤ ጎሹ የተባለው መሐንዲስ ማስረሻን በክርኑ ጎሰም አድርጎ «ነጻነታችንን እንዳታስነጥቀን» አለው። ማስረሻ ስለዚያ ነጻ ፕሮግራም ለዓመታት ሲከራከር የኖረ ሰው ነው። የተበተነውን ሰንጠረዥ ለስብሰባው ያህል በትንሽ ሥራ ሊሸፍነው እንደሚችል የውብዳር ታውቃለች። ዛሬም ከሸፈነው፣ ችሎቱ ፊት የምትለውን ለራሷ ጨርሳለች። ከጠረጴዛው ሥር እጇን በእጇ ይዛ ጠበቀች።

አቶ እሸቴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ነገሩ አጭር ነው። ያንተ ፕሮግራም የእርሷን ሰነድ ከፍቶ ፊደሉን ከፈታ፣ ባንተው እንቀጥላለን። ካልፈታ ግን ሁላችንም ወደ እርሷ እንዞራለን፤ አንተም እንደ አዲስ ትማራለህ። እህ፣ አቶ ማስረሻ?»

ማስረሻ ከወንበሩ ተነሣ። የሚያየው ስክሪኑን ሳይሆን የውብዳርን ነበር።

«ከፍቷል» አለ። «ግን አልፈታም።»