ያላበው ጀልባ

የእኛ ሰው የወደደውን ነገር ይሸፍናል። አትካዱኝ፤ ሳሎናችሁን ዞር ብላችሁ እዩት። ሶፋው ልብስ ለብሷል፣ ቴሌቪዥኑ ዳንቴል ደርቧል፣ ሪሞቱ ከተገዛበት ቀን ጀምሮ ላስቲክ ውስጥ ስለታሸገ ድምፅ የሚጨመረው በዳበሳ ነው። ቡፌው ላይ የተደረደረው ብርጭቆ ለእንግዳ ነው ይባላል፤ እንግዳው ግን መጥቶ በፕላስቲክ ኩባያ ጠጥቶ ሄዷል። እኔ ራሴ ልጄ የላከችልኝን የሱፍ ሹራብ ለደህና ቀን ብዬ ሳጥን ቆልፌበት፣ ደህናው ቀን ሲመጣ ብል ቀድሞኝ በልቶት አግኝቼዋለሁ።

የራስ ዕቃ ሲሆን ያስቃል። የሰው ዕቃ ሲሆን፣ ያውም አማና ሲሆን፣ እንቅልፍ ይነሳል። አማና አላህን ምስክር አድርጎ የሚሰጥ አደራ ነው፤ እኔ የማርያም ማኅበርተኛ ብሆንም ደሴ ያደግሁ ሰው ነኝና አማና ሲሉኝ ከማንም እኩል እደነግጣለሁ። ባለፈው ግንቦት ሰይድ የሚባል የቀድሞ ተማሪዬ ግቢዬ ድረስ መጥቶ አማና ብሎ ያስቀመጠብኝ ነገር ደግሞ ጀልባ ነው። አዎ፣ ጀልባ። ከጦሳ ተራራ ሥር፣ ከጎመኑ መደብ አጠገብ።

ሰይድ ከጅቡቲ ወደብ ኮምቦልቻ የጭነት መኪና ይነዳል። ወደቡ ላይ ባለቤቱ ትቶት የሄደ፣ ሁለት ሰው ጎንበስ ብሎ የሚገባበት ጓዳ ያለው ትንሽ የንፋስ ጀልባ አየና ልቡ እዚያው ቀረ፤ ጭኖም አመጣው። ለራሱ ብሎ እንዳይመስላችሁ። አባቱ ሼህ ይመር ሐይቅ ከተማ ተወልደው ሐይቁን ሰማንያ ዓመት ከዳር ሆነው ያዩ ሰው ናቸው፤ ያለ መቅዘፊያ በንፋስ ብቻ የሚሄድ ጀልባ እንዳለ ልጃቸው ካወራላቸው ጊዜ ጀምሮ ሌላ ወሬ አይጥማቸውም። ዘንድሮ ትንፋሻቸው እየደከመ ሐኪም ቤት ይመላለሳሉ። «ሳልሞት አንድ ጊዜ አሳፍረኝ» ብለውታል። በክረምት ውሃ ላይ መውጣት ስለማይሆን ለመስከረም ተቀጠረ። እስከዚያ ጀልባው እኔ ዘንድ ይክረም ተባለ፤ ሰይድ ኮምቦልቻ የተከራየው ቤት ብስክሌት እንኳ የሚያቆምበት ደጅ የለውም።

ሲሰናበተኝ እጄን ይዞ፣ «ጋሼ፣ ከሁሉ በላይ ሸራውን አማና። ሸራው ከተበላሸ ጀልባው ገበታ ነው» አለኝ።

ጀልባው ላይ የመኪናው አረንጓዴ ሸራ ተደፍቶበታል። የጭነት መኪና ሾፌር ሸራ ሲል ሌላ ምን ሊል ይችላል? ያንን ሸራ እንደ ዓይኔ ብሌን ጠበቅሁት። የሳሳውን ጣፍኩ፣ ጠርዙን በገመድ ጠፈርኩ፣ በላዩ ላስቲክ ደረብኩ፣ ንፋስ የምታስገባ ቀዳዳ ሁሉ እየፈለግሁ በጨርቅ ወተፍኩ። አወቅሽ አወቅሽ ሲሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች የሚባለው ለእኔ ቢጤው ነው።

ሐምሌ አጋማሽ ላይ አንድ ረፋድ የላስቲኩን ጫፍ ገልጬ አንገቴን ወደ ጓዳው ባስገባ፣ ጣሪያው ጠብ ጠብ ይላል። ግድግዳው ረጥቧል፣ ፍራሹ ሻግቷል፣ ሽታው ሳይደርቅ ሣጥን የገባ ካልሲ ነው። ሰፈሬ ቧንቧ ውሃ ይባላል፤ ያን ሳምንት ቧንቧዬ ጠብታ አልነበረውም። ጀልባው ነበረው።

ዝናብ ገብቷል ብዬ ሌላ ላስቲክ ደረብኩ። ባሰበት። ከሰል አቀጣጥዬ ቀን ሙሉ ምድጃውን ውስጡ አስቀመጥኩ፤ በማግስቱ ውሃው እጥፍ ሆኖ ጠበቀኝ። የጠየቅሁት ሰው ሁሉ መልስ አለው። ጣሪያው ተሰንጥቋል ያለ አለ፣ ድመት ናት ያለም አለ። ከዚህ ሁሉ የከፋው የሰይድ ስልክ ነበር። ከየመንገዱ ይደውልና «ሸራው እንዴት ነው?» ይለኛል። «እንደ አዲስ ነው» እለዋለሁ፤ አልዋሸሁም። «አባቴ ሰላም ይሉዎታል፤ ለመስከረም የቀረውን ቀን በጣታቸው እየቆጠሩ ነው» ሲለኝ ግን ስልኩን ዘግቼ ጣሪያውን በጨርቅ ልጠርግ እሮጣለሁ። የአንድ ሽማግሌ የመጨረሻ ምኞት እኔ ግቢ ውስጥ እየሻገተ ነበር።

የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል እንዲሉ፣ ያልጠየቅሁት የአጥር ጎረቤቴን ከድጃን ብቻ ነው። ከድጃ ኮምቦልቻ አንድ ፋብሪካ መጋዘን ውስጥ ጥቅል ጨርቅ ስትጠብቅ ኖራ ጡረታ የወጣች ሴት ናት። አንድ ቀን ጎመን ልትቆርጥ ገብታ፣ ሳትጠየቅ ጓዳውን አየችው፣ ጣሪያውን በጣቷ ዳሰሰችው።

«ጋሼ፣ ይኼ እኮ አላፈሰሰም፤ አልቦት ነው» አለችኝ። «እኛ ጨርቅ የምናከርመው ከወለል ከፍ፣ ከግድግዳ ፈቀቅ አድርገን ነው። ዕቃም ይተነፍሳል። እርስዎ ጋቢ በጋቢ ላይ ደርበው ትንፋሽ አሳጡት። ደግሞ ወላሂ ይገርመኛል፤ ጤዛ ከሰማይ አይወርድም ብለው ልጄን ከማልን ያስተማሩት እርስዎ አይደሉም?»

እኔ ነኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ቀዝቃዛ ብርጭቆ በጠመኔ እየሣልሁ፣ አየር የያዘው እርጥበት ቀዝቃዛ ነገር ሲነካ ውሃ እንደሚሆን ያስተማርሁ እኔ ነኝ። ይህንኑ ጥያቄ ስቷል ብዬ ከማልን ነጥብ ቀንሼበታለሁ። ከሰሉ ቀን እርጥበቱን ከእንጨቱና ከፍራሹ ያወጣል፤ የደሴ ብርድ ደግሞ መልሶ ጣሪያው ላይ ይለጥፈዋል። ከዚህ ቀላል ነገር የለም። ጥቁር ሰሌዳ ላይ ያለ ዕውቀት ግን ግቢ ድረስ ለመምጣት ትራንስፖርት አያገኝም።

ውታፉን ሁሉ ነቀልን። የፊቱንና የኋላውን መዝጊያ ከፈትን፤ አረንጓዴውን ሸራ ከጀልባው ላይ አንስተን በባሕር ዛፍ ቋሚ ከፍ አድርገን እንደ ዳስ ወጠርነው፤ ዝናቡን ይመልሳል፣ ንፋሱን ያሳልፋል። ከድጃ በየጥጉ በሳህን ጨው አስቀመጠች፤ ጨው እርጥበት ይጠጣል፣ በየጠዋቱ ውሃ አቁሮ እናገኘዋለን። በሳምንቱ ጣሪያው ደረቀ። ነገሩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ዛሬ ባላወራኋችሁ።

ጓዳውን ስናራግፍ ከአንድ ረጅም ከረጢት ነጭ ጨርቅ ወጣ። ቢዘረጉት አያልቅም፤ እርጥብ ነው፣ ዳር እስከ ዳር ጥቁር የሻጋታ ነጠብጣብ ፈሶበታል። መጋረጃ መሰለኝ። ለሰይድ ደወልኩና ያን ሁሉ ጊዜ የደበቅሁትን ጉድ ተናዘዝኩ፤ ልቡ እንዳይሰበር ግን ደስ የሚለውን አስቀድሜ፣ «ሸራው ምንም አልሆነ፤ መጋረጃውን ብቻ ትንሽ ሻጋታ ነክቶታል፤ አይዞህ» አልኩት። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ሃሎ ሃሎ አልኩ።

«ጋሼ» አለኝ ቀስ ብሎ፣ «ሸራው እሱ ነው።»

አማርኛችን ምን ነክቶት እንደሆነ እንጃ፣ ንፋስ የሚከለክለውንም ንፋስ የሚለምነውንም ጨርቅ እኩል ሸራ ብሎ ይጠራል። ክረምቱን ሙሉ ሽፋኑን ስጠብቅ፣ ጀልባውን የሚነዳውን ጨርቅ ያፈንኩት እኔ ራሴ ነኝ። ሰይድ «በደንብ ያላስረዳሁ እኔ ነኝ፣ ይቅር ይበሉኝ» ሲለኝ ጭራሽ መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ። ሼህ ይመር አሳፍረኝ ያሉት ልጃቸውን ነበር፤ ያፈርሁት ግን እኔ ሆንኩ።

በነሐሴ ደሴ ላይ ፀሐይ መጠበቅ ሞኝነት ነው። ኮምቦልቻ ይሻላል፤ እዚያ ደግሞ ከድጃ እህት አለቻት። ሸራውን ተሸክመን፣ በሚኒባስ የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ወርደን፣ እህቷ ግቢ በሎሚና በጨው ስናሸው ዋልን። አጥበን በገመድ ከአጥር በላይ ስንወጥረው የሰፈሩ ሰው ነጠላውን አዘቅዝቆ ከች አለ። የለቅሶ ድንኳን መስሏቸው ነው። አንዲት እናት ደረት መምታት ጀምረው ነበር። ማንም እንዳልሞተ ብንነግራቸው ጥቂት ቅር አላቸውና፣ «እንግዲህ ከመጣሁ አይቀር» ብለው ግማሽ ሎሚ አንሥተው ከእኛ ጋር ያሹ ጀመር። ለቅሶ የመጣው ሁሉ ተከተላቸው። ሽታው ለቀቀ፣ ጨርቁ ደረቀ፣ ጥንካሬውም እንዳለ ነው። ነጠብጣቡ ግን የእናቶቹን ጉልበት ሁሉ ንቆ እዚያው ቀረ።

መስከረም ሲገባ ጀልባው በሰይድ መኪና ሐይቅ ደረሰ። ሼህ ይመርን ደግፈን አስገባናቸው፤ ትራስ ተደገፉ፣ ሙሰበሃቸውን፣ የጸሎት መቁጠሪያቸውን፣ አወጡ። ሰይድ ሸራውን ሲሰቅል ነጠብጣቡ በፀሐይ ላይ ቁልጭ ብሎ ታየ፤ እኔ አንገቴን ደፋሁ። ሸራው ንፋስ ያዘ፤ መቅዘፊያ ሳይነካ ዳርቻው ከእኛ መራቅ ጀመረ። ሽማግሌው ቀና ብለው ሸራውን ትክ ብለው አዩት።

«ይኼ ጥቁር ጥቁሩ ምንድን ነው?» አሉ።

ሰይድ ወደ እኔ ዞረ። የይቅርታ ንግግሬን ሳምንት ሙሉ ተለማምጄዋለሁ፤ ጉሮሮዬን ጠርጌ አፌን ከፈትሁ። እሳቸው ግን መልስ አልጠበቁም።

«ደግ አደረጋችሁ» አሉ፤ «ነጭ ብቻ ቢሆን ከፈን ከፈን ይመስለኝ ነበር።»

አፌን መልሼ ዘጋሁት። ሰይድም ጀልባውን ወደ ሐይቁ መሐል አዞረው፤ አባቱ ገና ይበቃኛል አላሉም ነበር።