መረቅ በአረብኛ

ከአረብ አገር የተመለሰ ጎረቤት አላችሁ? እኔ አለችኝ። ሰናይት ትባላለች። እዚሁ ቆሰበር፣ ወደዚያ ለሚሄዱ ልጆች የአረብ ምግብ ታስተምራለች። ከአጥሩ ወዲያ ድምፃቸው ይሰማኛል።

«የዶሮ መረቅ?»

«መረቅ ደጃጅ!»

«የሥጋስ?»

«መረቅ ለሕም!»

«መረቁማ የእኛው አይደለም እንዴ?» ብላት፣ «የእነሱ ዝም ብሎ አይጠጣም፤ ሩዝ ይቀቀልበታል» አለችኝ።

መረቅ አይጠጣም! በዚህ በቆሰበር ብርድ እንዲህ ያለ ጉድ ተሰምቶ ያውቃል?

ባለፈው ቅዳሜ፣ ዝናቡ እየወረደ፣ ጎረቤቶቿን ሩዝ ልታበላን ጠራችን። የበሬ አጥንት ስትቀቅል አረፈደች። መረቁን አጥልላ ምድጃው ዳር አስቀመጠችና ያለቀባትን ሩዝ ልትገዛ ወጣች። እስቲ ፍረዱኝ፤ ትኩስ መረቅ፣ ብርድና ሚጥሚጣ አንድ ቤት ሲገናኙ ሰው ምን ያደርጋል? ስትመለስ ላብ በላብ ሆነን፣ ድስቱም ባዶውን ሆኖ ጠበቅናት።

ድስቱን አየች፤ እኛን አየች። አረብኛው ጠፋባት፤ አማርኛውም ጠፋባት። የጮኸችብን በእናቷ ቋንቋ በአገውኛ ነው።

አገውኛ የሚያውቁትን እማማ ጥሩዬን፣ «ምን እያለች ነው?» አልናቸው።

እማማ አፋቸውን በነጠላቸው ጠረጉ።

«‹ለእኔ አንድ ኩባያ እንኳ አታስቀሩልኝም?› ነው የምትለው።»