ማሲንቆና ፍትሐ ብሔር

በአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ውኃ ይጠፋል፣ መብራት ይጠፋል፣ ጥበቃውም አንዳንዴ ይጠፋል። ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ የሚማር ልጅ ግን ጠፍቶ አያውቅም። በየብሎኩ አንድ አንድ የተመደበ ነው የሚመስለው። አንዱ ቀን ምህንድስና፣ ማታ ማኔጅመንት ይማራል፤ ሌላዋ ፋርማሲ ይዛ በጎን ሥዕል ትማራለች። ቦርሳቸው ከሰውነታቸው ይበልጣል፣ ደረጃውን የሚወርዱት ሁልጊዜ በሩጫ ነው፣ ስለ አንዱ ትምህርታቸው ስትጠይቋቸው ደግሞ በሌላው ይመልሱላችኋል።

ልደታ፣ ከፍርድ ቤቱ ብዙም በማይርቅ አንድ ብሎክ ውስጥ ይህን ኃላፊነት የተሸከመው በሱፍቃድ ነው። ክቡር ባለ ሁለት ዲግሪው በሱፍቃድ፤ ሁለቱንም ዲግሪ ገና አልያዙም እንጂ። ቀን ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ሙዚቃ ይማራል፣ መሣሪያው ማሲንቆ ነው። ማታ ደግሞ በኤክስቴንሽን ሕግ ይማራል። አንድ ትከሻው ላይ ማሲንቆ፣ ሌላው ትከሻው ላይ ፍትሐ ብሔር የያዘ ቦርሳ አንጠልጥሎ በአራተኛ ፎቅ ኮሪደር ሲያልፍ ሰው ግድግዳ ተጠግቶ ያሳልፈዋል።

ወይዘሮ ወለተሰንበት ከእሱ ጋር አንድ ግድግዳ ይጋራሉ። ሠላሳ አንድ ዓመት በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሠርተው ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው፤ በእሳቸው እጅ ያላለፈ የአዲስ አበባ ጭቅጭቅ የለም ቢባል ማጋነኑ ትንሽ ነው። ስለዚህ ለሕጉ ትልቅ አክብሮት አላቸው። እንግዳ ሲመጣባቸው «ጎረቤቴ የሕግ ተማሪ ነው፤ ዳኛ ሊሆን ነው» ይላሉ። በዚያው ቅጽበት ከግድግዳው ወዲያ ማሲንቆው ከጀመረ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እሱ እንኳ ልጅነት ነው፣ ይለቀዋል» ይላሉ፣ ጉንፋን የያዘው ይመስል።

ሦስት ዓመት አልለቀቀውም። በየቀኑ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ጀምሮ ያቺን አንዲት ክር ይዞ ይገዘግዛል። አንድ ቦታ ሲደርስ ይሳሳታል፣ ይመለሳል፣ እንደገና ይጀምራል። ወይዘሮ ወለተሰንበትም ወጥ ቤታቸው ውስጥ ቢላዋቸውን ሽንኩርቱ ላይ እንዳቆሙ ይጠብቃሉ፤ እሱ ሲያልፍ እሳቸውም ይከትፋሉ።

«ለመሆኑ ትምህርትህ የቱ ነው?» ይሉታል ደረጃ ላይ ሲያገኙት።

«ሁለቱም ነው እትዬ። አይጣሉም።»

ይህች «አይጣሉም» የምትባል ቃል የበሱፍቃድ መታወቂያ ናት። የት እንደሚቀጠር ሲጠየቅም፣ መቼ እንደሚተኛ ሲጠየቅም መልሱ እሷው ናት።

አንድ ቀን ከወይዘሮ ወለተሰንበት ጋር ከሜክሲኮ በታክሲ ሲመጡ፣ ረዳቱ በመስኮት ወጥቶ «ልደታ፣ ልደታ፣ አብነት» እያለ ይጣራል። በሱፍቃድ ዓይኑን ጨፍኖ ካዳመጠው በኋላ «ወንድሜ፣ በባቲ እኮ ነው የምትጣራው» አለው። ረዳቱ «ባቲ አንሄድም፣ መጨረሻው አብነት ነው» አለ። በሱፍቃድ ባቲ ከአራቱ የአገራችን ቅኝቶች አንዱ መሆኑን፣ ከትዝታ በምን እንደሚለይ፣ በጉሮሮው ጭምር እያሳየ አስረዳው። ረዳቱ ተሰላችቶ ይሁን ተናዶ፣ ልደታ ሳይደርሱ ሁሉንም «ውረዱ» አላቸው። ያኔ ማሲንቆው ወጥቶ ሕጉ ገባ። «አንተ ጠራህ፣ እኛ ገባን፤ ውል ተመሥርቷል» ብሎ በሩ ላይ ቆመ። የቀረው ተሳፋሪ በእግሩ ቤቱ ሲገባ እሱ ስለ ውል አመሠራረት እዚያው ይከራከር ነበር። ወይዘሮ ወለተሰንበት ያን ቀን ጉልበታቸውን ቅባት እየቀቡ ለወንድማቸው ለአቶ ዘነበ በኩራት አወሩላቸው። «ምን ዋጋ አለው፣ በመጀመሪያ ዘፈነለት እንጂ» ብለው ነው የጨረሱት።

የብሎኩ ስብሰባ ላይም ያው ነው። የውኃ መሳቢያው ሞተር ተበላሽቶ ላይኛው ፎቅና ታችኛው ፎቅ ሊደባደቡ ሲደርሱ፣ በሱፍቃድ ተነሥቶ የጋራ ንብረት ማለት ምን ማለት እንደሆነ አንቀጽ ጠቅሶ አስረዳ። ቤቱ ጸጥ አለ። እዚያ ላይ ቢቀመጥ ኖሮ በጭብጨባ ሰብሳቢ ይሆን ነበር። አልተቀመጠም። «ችግሩ ግን ሁላችሁም በአንድ ድምፅ ልክ መናገራችሁ ነው» ብሎ ቀጠለ። «ጋሽ ኩማ ትንሽ ዝቅ ቢሉ፣ እትዬ ወለተሰንበት ደግሞ ከላይ ቢገቡ እንደማመጥ ነበር።» ጋሽ ኩማ አብነት የብረታ ብረት ሱቅ ያላቸው፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ከብረት መቁረጫ ጋር ሲጯጯሁ የኖሩ ሰው ናቸው። ዝቅ ማለት የሚባለውን ነገር ማን አሳይቷቸው። ስብሰባው ፈረሰ፣ ውኃውም ሌላ ሳምንት በጄሪካን ወጣ።

መምህራኑስ ቢሆኑ መቼ ተረፉ። የሙዚቃ ታሪክ ፈተና ላይ ስለ አንቺሆዬ ቅኝት ጻፍ ቢባል «እኛም መዝገቡን መርምረናል» ብሎ ጀምሮ በውሳኔና በትእዛዝ ጨረሰ። የሕግ ክፍል የልምምድ ችሎት ላይ ደግሞ ክርክሩን መሐል ላይ አቁሞ ዝም አለ። ዳኛ ሆኖ የተቀመጠው መምህር «ጨረስክ?» ቢለው «የለም ክቡር ፍርድ ቤት፣ የዜማ ዕረፍት ላይ ነኝ» አለው። ይህን ለወይዘሮ ወለተሰንበት ያወራላቸው ራሱ ነው፣ ደስ ብሎት። እሳቸው ሣቃቸውን እስኪጨርሱ በራቸውን ዘግተው ቆዩ፤ በሱፍቃድ ፊት መሣቅ ማሲንቆውን ማበረታታት ይመስላቸው ነበር።

ግንቦት ላይ ወንድማቸው አቶ ዘነበ አረፉ። የከባድ መኪና ሾፌር የነበሩ፣ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ከእህታቸው ጋር የሚኖሩ ዝምተኛ ሰው ነበሩ። በዚያ ቤት ማሲንቆውን በደግ የሚያነሡት እሳቸው ብቻ ነበሩ። ጠዋት ጠዋት አልጋቸው ላይ ሆነው «ከትናንት ዛሬ ይሻላል» ይሉ ነበር።

ሰው ሲሞት ብሎኩ ምን ማድረግ እንዳለበት ነጋሪ አይፈልግም። ድንኳኑ መኪና ማቆሚያው ላይ ተተከለ፣ የእድሩ አግዳሚ ወንበር መጣ። ታች ያለው ፀጉር ቤት ስፒከሩን ከደጅ አስገባ፤ በየቤቱ ያለው ቴሌቪዥን ዜና ብቻ የሚያወራ ሆነ። በሱፍቃድም ማሲንቆውን በጨርቅ ጠቅልሎ ቁም ሳጥኑ ላይ አስቀመጠው። አርባው ሳይወጣ በሐዘን ቤት ግድግዳ ሥር በገና ቢደረደር እንኳ ያነጋግራል፤ ማሲንቆማ አይታሰብም። ይህን ለመወሰን አንቀጽ አላስፈለገውም።

ከዚያ በኋላ ከለቅሶ ቤቱ አልጠፋም። ወንበር ያመጣል፣ ያስታጥባል፣ ንፍሮ ያዞራል፣ ሽማግሌ ደግፎ ደረጃ ያወጣል። በእርግጥ አልቃሾቹ በየትኛው ቅኝት እንደሚያለቅሱ ለጋሽ ኩማ በሹክሹክታ ሲያስረዳ ተይዟል። ሰው ዓመሉን በአንድ ቀን አይተውም።

በአምስተኛው ቀን፣ ሰኞ ጠዋት፣ ወይዘሮ ወለተሰንበት ፍራሹ ላይ እንደተቀመጡ ሰዓቱ አንድ ሆነ። ሳያስቡት ጆሯቸው ወደ ግድግዳው ሄደ። ምንም የለም። ወንድማቸውም ዝም፣ ግድግዳውም ዝም። እንባቸው መጣ፤ የትኛው ዝምታ እንዳስለቀሳቸው ግን ለይተው አላወቁትም።

ከሰዓት በኋላ የበሱፍቃድ የሙዚቃ ክፍል ጓደኛ ናዝሬት ለቅሶ ልትደርስ መጣች። እግዚአብሔር ያጽናዎት ብላ አጠገባቸው ተቀመጠች።

«እሱ ልጅ ትምህርት የለውም እንዴ?» አሏት። «እዚህ ሲመላለስ ነው የሚውለው።»

ናዝሬት በሩን አየት አደረገች። «እንዳልነግርዎት አስምሎኛል።»

«ኃጢአቱ በእኔ ይሁን፤ ንገሪኝ።»

«ዓርብ የመመረቂያ ፈተናው ነው። ሦስት መምህራን ፊት ለፊቱ ተቀምጠው አርባ ደቂቃ ያስመቱታል። ከወደቀ እንደገና የሚፈተነው የዛሬ ዓመት ነው።»

«እና ትምህርት ቤት አይለማመድም?»

«የመለማመጃ ክፍሎቹ እየታደሱ ነው። ለአንድ ሰው በሳምንት አንድ ሰዓት ነው የሚደርሰው። ጋሽ ኩማ ሱቅ ሄዶም ሞክሮ ነበር።»

«እና?»

«ብረት መቁረጫው አሸነፈው።»

ወይዘሮ ወለተሰንበት ወዲያው አስጠሩት። ንፍሮ የያዘውን ሰፌድ እንደተሸከመ መጣ።

«ፈተናህ መቼ ነው?»

«የቱ?» አለ።

«አታድበስብስብኝ።»

«ዓርብ ነው እትዬ። ግድ የለም፣ በጣቴ እየተለማመድኩ ነው፣ ክንዴ ላይ።»

«ብትወድቅስ?»

«ለዓመት።»

«ሌላ አንድ ዓመት ሙሉ ያን ነገር ልሰማ ነው?» ልጁ ፈገግ አለ፣ እሳቸው ግን አላሉም። «ሂድና ማሲንቆህን አውርድ። ሐዘኑ የእኔ ነው፣ እኔ ፈቅጃለሁ።»

በሱፍቃድ ሰፌዱን አስቀምጦ አጠገባቸው በርከክ አለ። ይህ ልጅ አንድም ጊዜ በአጭሩ ተናግሮ አያውቅም፤ አሁን ግን በአጭሩ ተናገረ። «እኔን ማንም አይወቅሰኝም እትዬ፣ ልጅ ነኝ ይሉኛል። የሚታሙት እርስዎ ነዎት። ወንድሟን ቀብራ ሳምንት ሳይሞላው በማሲንቆ ትጽናናለች ይባላል። ጋሽ ጋሻው ቢሰሙስ?»

እውነቱን ነው። አቶ ጋሻው ጠመንጃ ያዥ ሰፈር የሚኖሩ የአጎታቸው ልጅ ናቸው፤ የቤተ ዘመዱ ዓቃቤ ሕግ በሏቸው። በ1984 ዓ.ም. በማን ለቅሶ ላይ ማን እንደሣቀ እስከ ዛሬ ከነሰዓቱ ያስታውሳሉ። ወይዘሮ ወለተሰንበት ደግሞ ስማቸውን ይፈራሉ። ባል የላቸውም፣ ልጅ የላቸውም፣ ወንድማቸውም አሁን ሄደ፤ የቀራቸው ዘመዱ እሳቸውን በክብር የሚያነሣበት ስም ነው። «ሂድ፣ ንፍሮውን አዙር» ብለው ሰደዱት።

ማክሰኞ ጠዋት ግን ተነሡ። ሐዘንተኛ ቤቷ ይመጡላታል እንጂ እሷ ሰው ቤት አትሄድም፤ እሳቸው ጥቁር ነጠላቸውን ተከናንበው የጎረቤቱን በር አንድ በአንድ ማንኳኳት ጀመሩ። ከአራተኛ ፎቅ እስከ ምድር ቤት ድረስ። የከፈተው ሁሉ ሌላ ሰው የሞተ መስሎት ይደነግጣል። «ልጁ ዓርብ ፈተና አለው» ይሉታል። «ማሲንቆ ብትሰሙ እሱን እንዳትወቅሱ፣ እኔ ነኝ ያልኩት።» ጋሽ ኩማ በዕድሜያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እሺ እትዬ» አሉ። የፀጉር ቤቱ ልጅ አንገቱን ብቻ ነቀነቀ።

መጨረሻ ላይ የበሱፍቃድን በር አንኳኩ። «ለሁሉም ነግሬ ጨርሻለሁ። ተቀመጥና ጀምር።»

«እትዬ፣ እኔ እኮ...»

«ክርክሩ ተዘግቷል» ብለው ሄዱ።

መጀመሪያ ላይ ድምፁ እንዳይወጣ ማሲንቆው ሥር ትራስ ደግፎ ነው መሰል፣ የሚሰማው የትንኝ ያህል ነበር። ወይዘሮ ወለተሰንበት ፍራሹ ላይ ሆነው በመዳፋቸው ግድግዳውን መቱ። «ምን ያንሾካሹክሃል? መምህራኑ ጆሯቸውን ግድግዳ ላይ ለጥፈው አይደለም የሚሰሙት።» ከዚያ በኋላ ድምፁ ወጣ። አብረዋቸው የተቀመጡት ሴቶች መሬት መሬቱን አዩ፤ አንዷ ነጠላዋን ወደ አፏ አስጠጋች። እሳቸው የወንድማቸውን ባዶ አልጋ እያዩ አዳመጡ። ይህን ልጅ ይወዱታል። ሦስት ዓመት ሙሉ ሲነጫነጩበት የኖሩት ሌላ ስም ስላላወጡለት ነው እንጂ መውደድ ነበር፤ ማሲንቆውንም ጭምር፣ ስህተቱንም ጭምር።

ረቡዕ ከሰዓት አቶ ጋሻው መጡ። ከዘራቸውን በሩ ላይ አስደግፈው፣ ቤተ ዘመዱን በዓይናቸው ቆጥረው፣ ተቀመጡ። ስለ ሟች ሁለት ሦስት ቃል ተናገሩ። ከዚያ አንገታቸውን ወደ ግድግዳው አዘነበሉ። ወዲያ ማዶ በሱፍቃድ አንዱን ቦታ እየደጋገመ ነበር።

«ምንድን ነው የምሰማው?»

አንዷ ሴት ንፍሮ አቀረበችላቸው።

«በዘነበ ለቅሶ ላይ፣ አርባው ሳይወጣ» አሉ ድምፃቸውን ለሁሉም እንዲሰማ አድርገው፣ «እዚህ ቤት ሥር ሙዚቃ ነው? አንቺስ ዝም ብለሽ ትሰሚያለሽ?»

ቤቱ ሁሉ ወይዘሮ ወለተሰንበትን አየ። እሳቸው እጃቸውን ነጠላው ውስጥ ከተቱ። አንዲት ቃል፣ «አላወቅሁም» የምትል፣ ቢናገሩ ነገሩ ሁሉ ከእሳቸው ላይ ይወርድ ነበር።

«ሙዚቃ አይደለም ጋሽዬ» አሉ። «ልጄ እያጠና ነው።»